መሪው የእሱ ነው፦ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅን በኬሞ ጊዜ ለማስታመም

ከጡረታ በፊት የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ፀጉሬ የሸበተው በኮምቦልቻና በጅቡቲ መካከል ነው። ልጄ በ27 ዓመቱ ካንሰር ሲገኝበት ግን ረዳት ሆንኩ። መሪው የእሱ ነው። እኔ ጎማ አያለሁ፣ ውሃ አቀብላለሁ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ «ና፣ ና፣ ቁም!» እላለሁ። ይህን ለመቀበል ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። በነዚያ ሁለት ወሮች ያበላሸሁትንም በኋላ የተማርኩትንም ነው የምጽፍላችሁ።

ልጄን የያዘው ሆጅኪን ሊምፎማ ነው፤ የሊምፍ እጢዎች ካንሰር። ወጣቶች ላይ ይበዛል፣ በደንብ ከታከመ ደግሞ ከሚድኑት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። የእናንተን ልጅ ሌላ ዓይነት ይዞት ይሆናል፤ መድኃኒቱም ይለያል። የአስታማሚው ሥራ ግን ብዙም አይለያይም። ሐኪማችሁ እዚህ ከጻፍኩት የተለየ ነገር ከነገራችሁ የሐኪማችሁን ያዙ።

1. «ናሙና ይወሰድ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ

አንገቱ ላይ ሽምብራ የምታክል እጢ ወጣች። አታምም። አንድ ክሊኒክ ሄደ፤ «የእጢ ቲቢ ነው» ተባለና ናሙና ሳይወሰድ ክኒን ተጀመረ። የእጢ ቲቢ እኛ ዘንድ ብዙ ስለሆነ ግምቱ አይገርምም። ሁለት ወር ዋጠ። ሽምብራዋ ሎሚ አከለች። ማታ ማታ አንሶላው እስኪርስ ያልበዋል። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ።

ካንሰር መሆኑም አለመሆኑም የሚታወቀው በናሙና ነው። ሊምፎማ ሲጠረጠር ደግሞ ብዙ ጊዜ በመርፌ የተቀዳ ብቻ አይበቃም፤ እጢው ራሱ ወጥቶ ይመረመራል። እጢው ካልጠፋ፣ ማታ ማላብና መክሳት ከተጨመረበት፣ ጠይቁ። መጠየቅ ሐኪም መድፈር አይደለም።

2. ለታማሚው ለራሱ ንገሩት

ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሙ «አባት፣ አንዴ» ብሎ ለብቻዬ ጠራኝ። ልጄ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስልኩን እየነካካ ቀረ። ስወጣ «ምን አለ?» አለኝ። «እጢ ናት፣ መድኃኒት አላት» አልኩት። አራት ቀን እንዲህ ኖርን። እናቱ ጓዳ ገብታ ታለቅስና ሽንኩርት ነው ትላለች። በአምስተኛው ቀን እጁን ታጥቦ ለእራት ቁጭ አለና፣ «አባዬ፣ ወረቀቱን እኮ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ጉግል ላይ አይቻለሁ። እናንተን ላለማስጨነቅ ነው ዝም ያልኩት» አለ። እኛ ለእሱ፣ እሱ ለእኛ፣ አራት ቀን ሙሉ ስንደባበቅ።

እኛ አገር ክፉ ወሬ ለቤተሰብ ይነገራል እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ልማዱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ አልነቅፈውም። ለካንሰር ግን አይሆንም። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋስን የሚገድል መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው የገዛ ሰውነቱ ዘበኛ ነው። ምን እንደሚጠብቅ ካላወቀ ትኩሳቱን ቻል አድርጎ ያሳድራል፣ «ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮ ይቀራል። ሕክምናውን ፈቅዶ የሚፈርመውም እሱ ነው።

ሐኪሙ ለብቻችሁ ሲጠራችሁ «ልጄ አብሮኝ ይግባ» በሉ። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ተለማመዷት፤ በሰዓቱ ጉልበት ይከዳል። ካመለጣችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ንገሩት። ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ሰው ሳይበዛ። አጭር ይሁን፦ «ውጤቱ መጥቷል። ካንሰር ነው። ሊምፎማ ይባላል። ሕክምና አለው። የምትጠይቀውን ጽፈን ሰኞ ዶክተሩ ጋ እንሄዳለን።» ከዚያ ዝም በሉ። ምላሳችሁን ይበላችኋል፤ ቢሆንም ዝም በሉ። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እሱ ይጠይቅ። አንዳንዱ ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ «የሚቀጥለውን ብቻ ንገሩኝ» ይላል። ሁለቱም ልክ ነው።

ቤት ውስጥም ስሙን በስሙ ጥሩት። «ያ በሽታ»፣ «ክፉው» እየተባለ ሲንሾካሾክ ቤቱ መርዶ የሚጠብቅ ይመስላል።

ማን ይወቅ፣ ማን አይወቅ የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው። እኔ ለወንድሜ ነገርኩ፣ ወንድሜ ለሚስቱ፣ በሳምንቱ ወሬው መሥሪያ ቤቱ ደረሰ። ልጄ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ልክ ነበር።

3. ወረቀት እንደ ቦሎ ነው

ሹፌር ቦሎው የሚያልቅበትን ቀን በቃሉ ያውቃል። እናንተም እንዲያ ሁኑ። አንድ ጠንካራ ክላሰር ግዙና የባዮፕሲውን (የናሙና ምርመራውን) ውጤት፣ የሲቲ ስካኑን ንባብ፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ የደም ውጤቶቹን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አስገቡበት። የባዮፕሲው ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ፤ ሦስት ኮፒ አንሱና ኮፒውን ስጡ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ልጃችሁ ስልክ ላይም ይኑር።

ከክላሰሩ ጋር አንድ ደብተር። ቀን፣ ክብደት፣ ሙቀት፣ ኢንፌክሽን የሚከላከለው የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር፣ የወሰደው መድኃኒት፣ ያስቸገረው ነገር። ዶክተሩ «ባለፈው ከተሰጠው በኋላ እንዴት ነበር?» ሲል «ደህና ነበር» የሚል አባትና «በሦስተኛው ቀን አራት ጊዜ አስመለሰው» የሚል አባት አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም።

የጤና መድን ካላችሁ እድሳቱ እንዳላለፈ እዩ፣ የሪፈር ሰንሰለቱንም ጠብቁ። ከጤና ጣቢያ ሳትጀምሩ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ሒሳቡ እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በወላጅ መታወቂያ ዝም ብሎ ይሸፈናል ብላችሁም አትመኑ፤ ቀበሌ ሄዳችሁ አጣሩ። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

4. መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት

ስንት ጊዜ ነው የሚሰጠው? በስንት ቀኑ? የእኛ በየሁለት ሳምንቱ፣ 12 ጊዜ ነበር። ብዙዎች በየሦስት ሳምንቱ ነው የሚወስዱት። የልብ ምርመራ ያስፈልጋል ወይ? አንዳንዱ የኬሞ መድኃኒት ልብን ስለሚነካ አስቀድሞ ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ይታዘዛል። ሌሊት ችግር ቢመጣ ለማን ነው የሚደወለው? መልሱን ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ከዚያ ውጡ። አዎ፣ እናንተ። «ዶክተር፣ ከልጄ ጋር ለብቻችሁ ተነጋገሩ» ብላችሁ በሩን ዝጉ። ኬሞ የመውለድ አቅምን ሊጎዳ ይችላል። ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው መርፌ ሳይገባ ነው፤ በኋላ ረፍዷል። የ27 ዓመት ሰው ደግሞ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ ስለዚህ አያወራም። ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሴት ጓደኛም እንዲሁ። ልጄ ምን እንደጠየቀ እስካሁን አላውቅም። 20 ደቂቃ ፈጅቷል።

5. የኬሞ ቀን

ደሴ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል ስላለው ለኬሞ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። ለኮምቦልቻ ሰው ግን ሐረጎ አለች፤ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለችው ዳገት። ያንን ጠመዝማዛ በባዶ ሆድም ቢሆን የሚችለው ጤነኛ ነው። ሲሄድ ምንም አይደለም፤ ሲመለስ ነው ጉዱ። ከተቻለ የኬሞውን ሌሊት ደሴ ዘመድ ቤት ይደር። እኛ እህቴ ጋ ነበር የምናድረው። ካልሆነም ኮንትራት ያዙ። የፊት ወንበር፣ መስኮቱ ገርበብ ብሎ፣ ፌስታል በእጁ። ሹፌሩን «ቀስ በል፣ ታማሚ ይዘናል» በሉት። የኛ ሰው ይህ ከተነገረው እንቁላል እንደጫነ ነው የሚነዳው።

ከቀኑ በፊት የደም ምርመራ አለ። ነጭ የደም ሕዋሱ ወርዶ ከተገኘ ኬሞው ሊራዘም ይችላል። ባዶ እጅ መመለሱ ያበሳጫል፤ ግን ጥበቃ ነው፣ ሐኪሙ ላይ አታጉረምርሙ።

ይዛችሁ ሂዱ፦ ጋቢ፣ ውሃ፣ ፌስታል፣ የስልክ ቻርጀር፣ ደረቅ ዳቦ። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ የሚሠራው ሳያቅለሸልሽ ሲወሰድ ነው። «እስቲ ልየውና» አይባልም፤ በታዘዘበት ሰዓት ይዋጥ።

መርፌው የገባበት ቦታ ቢያቃጥል ወይም ቢያብጥ በዚያችው ደቂቃ ነርሷን ጥሩ። አንዳንዱ መድኃኒት ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል። ልጄ ሰው ማስቸገር አይወድም፤ ጥርሱን ነክሶ ይችላል። እዚህ ላይ ብቻ «አትቻል!» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።

ከኬሞው መድኃኒቶች መካከል ቀዩ (ዶክሶሩቢሲን) ካለበት ደግሞ ሽንቱ ቀይ ይሆናል። አንድ ሁለት ቀን። ማንም ስላልነገረን የመጀመሪያው ማታ ልጄ ከመጸዳጃ ቤት ፊቱ ተለውጦ ወጣ። እኔ ደም መሰለኝና ጫማዬን ሳላስር መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ደም አይደለም፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።

ለ48 ሰዓት ያህል መድኃኒቱ በሽንትም በትውከትም ይወጣል። መጸዳጃው ላይ ሁለቴ ውሃ ይፍሰስ፣ ክዳን ካለው ይከደን። ትውከት ያለበትን አንሶላ በጓንት፣ ለብቻ እጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው።

6. ቴርሞሜትር

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ኬሞ ነጭ የደም ሕዋስን ያወርዳል። ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ተራ ኢንፌክሽን ሰው ሊገድል ይችላል፤ ምልክቱም ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። ግንባር በእጅ መዳፍ መዳሰስ አይቆጠርም። የእናትም መዳፍ ቢሆን።

ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ካለፈ ሆስፒታል ነው። ነገ አይደለም። ፓራሲታሞል ውጦ መተኛትም የለም፤ ክኒኑ ሙቀቱን ደብቆ ኢንፌክሽኑን ይተወዋል። ብርድ ብርድ ካለውና ከተንቀጠቀጠ ቴርሞሜትሩ 37 ቢልም ሂዱ።

እኛ ላይ የደረሰው በሁለተኛው ኬሞ፣ በዘጠነኛው ቀን ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት። የእግሩን ኮቴ ሰምቼ ነቃሁ። ሳሎን ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ቆሟል፣ ቴርሞሜትሩን በስልኩ መብራት እያየ። «38.4 ነው። ሦስቴ ለካሁት» አለኝ። እናቱ ፌጦ በሎሚ ልታዘጋጅ ተነሳች። ጎረቤታችን ሊያደርሰን መኪናውን አስነሳ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ የተናገርነው እነዚህን ቃላት ነው፦ «ኬሞ ላይ ነው፤ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ ትኩሳቱ 38.4 ነው።» ታሪክ አትጀምሩ። እጢዋ መቼ እንደወጣች አትንገሩ። እነዚህን ሦስት ነገሮች በሉና ደብተሩን ስጡ። አራት ቀን ተኝቶ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ወሰደ።

መንደር ውስጥ «ፈጥኖ ያስተኛል» የሚባል መርፌ አለ። ሕመም ነው፣ ትኩሳት ነው፣ ዳይክሎፊናክ ይወጋል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ ይህን አይወጋም። የደም ማርጊያው ሕዋስ፣ ፕላትሌት የሚሉት፣ ዝቅ ብሎ ከሆነ ሊደማ ይችላል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ድዱ ከደማ፣ ነስር አልቆም ካለ፣ ሰውነቱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ከወጣ፣ ደረቅ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ።

7. ጉርሻ ይቁም

የወሎ እናት ፍቅሯ በእጇ ጫፍ ነው። «በሞቴ!» ካለች በኋላ አፍ መዝጋት ነውር ነው። ልጄ ለእናቱ ሲል ይጎርስ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ያስመልሳል። ይህን ሳውቅ ጉርሻ በቤታችን ተከለከለ። በሽንጎ ነው የከለከልነው፤ ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ይግባኝ ላይ ነች።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ትንሽ ትንሽ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ። በስኒ አጥሚት። ግማሽ ሙዝ። በደንብ የበሰለ እንቁላል። ቃሪያና በርበሬ የሌለበት አልጫ ሽሮ። ገንፎ ቅቤ ሳይበዛበት። ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ከትኩሱ ይሻላል፣ ሽታው ያንሳል። ሽታ ጠላት ነው። የሚቁላላ ሽንኩርት፣ የሚቆላ ቡና፣ ዕጣን። ቡናውን ጎረቤት ሄዳችሁ ጠጡ፤ ለሁለት ሦስት ቀን ነው።

የሚወደውን ምግብ በኬሞ ቀን አትስጡት። ይህን ያለ ልምድ አታውቁትም። ልጄ የእናቱን ጨጨብሳ ከምንም በላይ ይወድ ነበር። በመጀመሪያው ኬሞ ጠዋት «ጉልበት እንዲሆነው» ተብሎ በማር ተሠራለት። ማታ አስመለሰ። ከዚያ በኋላ የጨጨብሳ ሽታ ሲመጣ ከቤት ይወጣ ነበር። ሰውነት ጥፋቱን በመድኃኒቱ ሳይሆን በመጨረሻ በበላው ነገር ያሳብባል። የሚወደውን ለደህናው ሳምንት አስቀምጡለት።

ጥሬ ሥጋ የለም። ክትፎው ለብ ለብም ቢሆን የለም። ያልፈላ ወተት፣ ያልበሰለ እንቁላል፣ ከጁስ ቤት የተጨመቀ፣ ተቆርጦ የቆየ ፍራፍሬ ይቅር። ፓፓያውን ቤት አጥባችሁ፣ ልጣችሁ ስጡት። ውሃው ይፍላ። ጠላና ጠጅም ይቆዩ።

አፉ ከቆሰለ፦ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና የዚያን ግማሽ ጨው በጥብጡና በቀን ብዙ ጊዜ ይጉመጥመጥ፣ አይዋጠው። ጥርስ ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። የሆድ ድርቀት ከመጣም አታሳፍሩት፣ ለሐኪሙ ይነገር። ኢኒማ፣ በፊንጢጣ የሚገባውን የሆድ ማጠቢያ፣ በራሳችሁ አትሞክሩ።

8. ጠያቂ

ጠያቂ ፍቅር ነው። ጠያቂ ደግሞ ሳል ነው፣ መሳሳም ነው፣ «የአጎቴ ልጅም በዚሁ ነው የሞተው» የሚል ወሬ ነው። እኛ ሰፈር በር ዘግቶ ወረቀት መለጠፍ አይታሰብም። ቢለጠፍም ሰው አንብቦ ይገባል።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ጠያቂ ግቢ ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ይቀመጣል። የምቀበለው እኔ ነኝ። ልጄ ከፈለገ ይወጣል፣ ካልፈለገ በመስኮት እጁን ያወጣል። ካልፈለገም ተኝቷል። «ዶክተሩ ከልክሏል» በሉ፤ እኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት የለም። መሳሳም የለም፣ እጅ በደረት። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ።

ሰው «ምን ላምጣ?» ሲል ደግሞ ሥራ ስጡት። ለስላሳና ብርቱካን ቤታችንን ሞልቶት ነበር። አንዱን ማክሰኞ ደሴ እንዲያደርሰን፣ ሌላዋን ልብስ እንድታጥብ፣ ሦስተኛውን ደም እንዲሰጥ ጠየቅኳቸው። ሁሉም ደስ አላቸው። ደም የሚሰጥ ሰው ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ መሆን አለበት። የሚሰጡ አምስት ስልኮች ደብተሩ ላይ ይኑሩ።

«አይዞህ» የምትለዋን ቃልም ቆጥቡ። አንድ ማታ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ 11 ሰው አይዞህ ብሎኛል። አንተ ኳስ እይ» አለኝ። አርሰናል ይጫወት ነበር። ስለ ኳስ የማውቀው ነገር የለም። 90 ደቂቃ አብሬው አየሁ።

9. ጸበልና ዱዓ

የእኛ ቤት እንደ ብዙ የወሎ ቤት ነው። እናቱ ጸበል ትላለች፣ ከሐጂ ያገቡት አክስቱ ዱዓ ያስደርጋሉ። ሁለቱም ይሁን። የሚከለከለው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱን ማቋረጥ። «ሁለቱ አብረው አይሄዱም» የሚል ሰው ከመጣ ትህትና ሳይጎድል ሸኙት። ጸበል ቦታ መሄድ ከፈለገ ነጭ የደም ሕዋሱ ዝቅ በሚልበት ሳምንት ግፊያና ብርድ ውስጥ አይግባ፤ በደህናው ሳምንት ይሂድ።

ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባታችን «ታሞ ምን ጾም አለ፣ እንቁላሉን ብላ» ብለው ገላገሉን። ረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው። ይህን ከእናንተ አፍ ሳይሆን ከሚያከብራቸው ሰው ይስማው።

የባህል መድኃኒት ሌላ ጉዳይ ነው። በማር የተለወሰ፣ ስሙ የማይነገር ቅጠል ይመጣል። ጉበትና ኩላሊት ኬሞውን ራሱ ለማስወገድ እየሠሩ ነው፤ በላዩ የማይታወቅ ነገር አይጫንም። ከሰጡት ሰዎች ጋር አትጣሉ። ተቀበሉ፣ አመስግኑ፣ አስቀምጡት፣ ለሐኪሙ አሳዩት።

10. ሥራውና ገንዘቡ

ልጄ በግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ደመወዝ። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው። የሐኪም ወረቀት በጊዜ ማቅረብ አለበት። ማቅረቡን እሱ ያቅርብ፤ እናንተ አለቃው ጋ እንዳትሄዱ።

ቅሬያችን፣ እድራችን ማለት ነው፣ ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍልም። ጠየቅን፣ ግን አበደሩን። ለሞት ከመቆጠብ ለሕይወት ማበደር ይሻላል ያሉት የቅሬው ዳኛ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። በዕቁብ ላይም «ዕጣዬ ይቅደም» ማለት ነውር አይደለም።

መድኃኒቱ ጠፍቶ ከአዲስ አበባ ግዙ ከተባላችሁ ቅዝቃዜ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ከልጄ መድኃኒቶች አንዱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ነበር። በረዶ በፌስታል፣ ፌስታሉ በጨርቅ፣ መድኃኒቱ በጨርቁ ላይ፣ ሁሉም በትንሽ የፎም ሳጥን። በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ፤ ከመቀዝቀዝ አልፎ በረዶ ከሆነ ተበላሸ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። በ30 ዓመት ሹፌርነቴ እንዲያ የተጠነቀቅኩለት ጭነት የለም።

11. ጨረር ከታዘዘ

ለጨረር ሕክምና ከእኛ አካባቢ መንገዱ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ የጨረር ነገር እንደተነሳ ኬሞው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ «ከአሁኑ ልመዝገብ?» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለሳምንታት ስለሚሰጥ ማደሪያ ያስፈልጋል። ዘመድ ከሌላችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቆዳው ላይ የሚደረገው ምልክት አይታጠብ። ያለ ሐኪም ቃል ቅቤም ቫዝሊንም አይቀባ። ከማሽን የሚሰጥ ጨረር ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ የወንድሙን ልጅ ማቀፍ ይችላል።

12. ፀጉሩ፣ ቁልፉ፣ ስልኩ

ፀጉር ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ መርገፍ ይጀምራል። ልጄ ሳይጠብቅ ፀጉር ቤት ሄዶ ተላጨ። «አብሬህ ልላጭ?» አልኩት። «አንተ የምትላጨው ምን አለህና» አለኝ።

የተከራየውን ቤት እንዳትለቁበት። ገንዘቡ ቢያምም የስድስት ወር ኪራይ ተነጋግራችሁ አቆዩለት። እኔ ልለቅ ነበር፤ እናቱ ናት ያስቆመችኝ። እኛ ጋ በመጣበት ጊዜም ክፍሉ ቁልፍ ይኑረው። ስታንኳኩ «ግባ» እስኪል ጠብቁ። ስልኩን አትዩ። አንዲት ልጅ እየመጣች ትጠይቀው ነበር። ማን ናት አላልኩም። ሻይ አፈላሁና ቡና ልጠጣ ጎረቤት ሄድኩ።

የደም ግፊት ክኒኔን ሦስት ሳምንት ረስቼ እኔው ራሴ ወድቄ ነበር። የእናንተንም መድኃኒት ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ሕክምናው ሲያልቅ ክትትል ይጀምራል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ በየሦስት ወሩ ነው። የክትትሉን ቀን የሚይዘው ልጄ ነው፤ ክላሰሩን ሰጥቼዋለሁ። ባለፈው ቀጠሮ ብቻውን ሄደ። ከደሴ ሲመለስ ሐረጎ ላይ ሆኖ ደወለልኝ፤ ሹፌሩ እንዴት እየነዳ እንደሆነ ሊያማልኝ።